በስሜ የተናገረችው ሴት

የልጅ ልጄ ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምላሴ ግን እግዜር ይመስገን ገና አልደከመም። «እምዬ፣ ቀስ በዪ፣ እጄ አልደረሰብሽም» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቀስ ብሎ ማውራት አይሆንልኝም። ለማንኛውም፣ አንባቢዎቼ፣ ይህን ነገር እስከ ዛሬ በሆዴ ይዤው የኖርኩት ማውራት ጠልቼ አይደለም። ቢወጣ የሚጎዳው ሰው ስለነበረ ነው። አሁን የለም፤ ሁሉም አልፈዋል።

ስሜ ጠጄ ይባላል። ያኔ በጃንሆይ ጊዜ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወደ ቆላው ወረድ ብላ ባለች መንደር እኖር ነበር። ልጅ እግር ነኝ፣ ገና አልወለድኩም። ባሌ አዳነ ቀጥቃጭ ነው፤ እኔ ሸክላ እሠራለሁ። የአገሬ ሰው ከሆናችሁ ይኸው ይበቃችኋል፤ ቀሪው ገብቷችኋል። ላልገባችሁ ልንገራችሁ። ማረሻቸውን የሚያበጅላቸው ባሌ፣ ወጥ የሚሠሩበትን ድስት የማበጅላቸው እኔ፣ ቡዳ የምንባለውም እኛው ነን። ቡዳ ማለት ዓይኑ ሰው የሚበላ ማለት ነው። ሰው ታመመ? ቡዳ በላው። ላም ወተቷ ነጠፈ? ቡዳ አየባት። ማረሻ ሊያስመታ የመጣው ገበሬ ከደጃችን ሲደርስ ፊቱ ማር ነው፤ ሲሄድ ልጁን ከዓይኔ በጋቢው ይከልላል። እኛም ክርስቲያን ነን፣ እንሳለማለን፣ እንጾማለን፤ ግን ምን ይደረግ!

የተቀመጥንባት መሬት የባላምባራስ ተሰማ ነበረች። ኑሩ ካለን እንኖራለን፣ ውጡ ካለን እንወጣለን። ያኔ «እሳቸው» ነበር የምለው፤ አሁን አንቱታው ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ይቅር በሉኝ። የመጀመሪያ ሚስቱን ክንዷን ሰብሮ ለወላጆቿ የሰደደ ሰው ነው። ይህን አገር ያውቃል። ቢሆንም መሬቱ ብዙ ነውና ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ ሌላ ልጅ ሰጡት። በዕድሜ አባቷ ይሆናል። ልጅቱ ይመናሹ ትባላለች።

ይመናሹ እንስራ ተሰነጠቀ፣ ገንቦ አነሰ እያለች ከእኔ ቤት አትጠፋም ነበር። የባላባት ሚስት ከሸክላ ሠሪ ቤት መቀመጧ ነውር ነው። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጭቃዬ አጠገብ ቁጢጥ ትላለች። ሸክላ ከመሠራቱ በፊት ጭቃው እስኪለሰልስ ይመታል።

«ጠጄ፣ እስቲ እኔ ልምታልሽ» ትለኛለች።

«ባላምባራስ እንዴት ናቸው?» እላታለሁ።

«ደግ ናቸው።» ጓ! ጭቃውን በቡጢ። «በጣም ደግ ናቸው።» ጓ! «ከእሳቸው የተሻለ ባል ከየት ይመጣል!» ጓ!

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ጭቃው ምን አደረገሽ?»

ሁለታችንም ከት ብለን እንስቃለን። ሻሿ ሲንሸራተት ከጆሮዋ በታች የጠቆረ ነገር አያለሁ። አልጠይቃትም፣ አትነግረኝም። አንድም ቀን የባሏን ክፉ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። እንዲያውም ባሏን የሚያማ ሰው ከሰማች እሷ ናት የምትቆጣው።

ይህቺው ይመናሹ ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስታየኝ ግን አታውቀኝም። ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ ታልፈኛለች። አንድ ቀን ከሴቶች ጋር ሆና ስታልፍ አንዷ «ያቺ ቡዳ ዛሬም መጣች» አለች። ይመናሹ ዞር ብላ ዓይኔን እያየች እንትፍ ብላ መሬት ላይ ተፋች። በማግስቱ መጥታ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ጭቃዬን ስትመታ ዋለች። እኔም ዋጥኩት። የዋጥኩት ነገር የት እንደሚሄድ ያኔ አላውቅም ነበር።

የአውድማ ወቅት ነው። ይመናሹ ታማለች ተባለ። እህል ውሃ አልቀምስ አለች፣ ከዚያ መናገር ተወች፣ ከዚያ ተንዘፍዝፋ ወደቀች። እኔ ልጠይቃት መሄድ አልችልም፤ የታመመ ሰው ቤት ቡዳ አይገባም። ተቀምጬ ለምድጃ የደረሰ ድስት ሳለሰልስ፣ ሁለት የባላምባራስ ጢሰኞች ዱላ ይዘው ደጃችን ቆሙ።

«ነይ ውጪ፣ ትፈለጊያለሽ» አለኝ አንደኛው።

«ለምን?»

«ስምሽን ጠርታለች።»

በአገራችን ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ያስለፈልፉታል። አሮጌ ጨርቅና ፌጦ ፍም ላይ ጥለው በጭሱ ያፍኑታል። የግራ አውራ ጣቱን ያስሩታል፣ ቡዳው እንዳያመልጥ። ከዚያ «ማነህ?» ብለው ይጠይቁታል። በሽተኛው የሚመልሰው በራሱ ስም አይደለም፤ በላኝ በሚለው ሰው ስም ነው። «እኔ እገሌ ነኝ» ይላል፣ ያ እገሌ ይያዛል። አለቀ።

አዳነ ብረቱን እሳት ውስጥ ትቶ ተነሣ። «ጠጄ ከቤት አልወጣችም! እኔ ምስክር ነኝ!» አለ።

«ቡዳ እግር ያስፈልገዋል እንዴ?» አለው ሰውየው።

አዳነ መዶሻውን አነሣ። ይዞ ሊከተለኝ ሲል ለመንኩት፤ በመድኃኔ ዓለም ብዬ። መዶሻውን አስቀመጠና ባዶ እጁን ከኋላችን መጣ። በአውድማው በኩል ስናልፍ በሬ የሚያበራዩት ሁሉ መንሻቸውን እየጣሉ ተከተሉን። አንድም ሰው አልተሳደበም። ይህ ዝምታ ነው ያስፈራኝ።

ከባላምባራስ ግቢ ስንደርስ አዳነን በር ላይ ያዙት፤ እኔን ወደ ውስጥ ገፉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያቺን ደፍ ረግጬ አላውቅም። ዕቃ ሳመጣ እንኳን በር ላይ ነው የምቀበለው የምሰጠው። ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ይመናሹ መደብ ላይ ተጋድማለች፣ ጣቷ በክር ታስሯል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ከራስጌዋ የባላምባራስ እናት እመት አለሚቱ ተቀምጠዋል። ጥያቄውን የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። ባላምባራስ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በርጩማ ላይ ነው። የቀረው ሰው ቤቱን ሞልቶ ቆሟል።

«ይኸውልሽ መጣች» አሉ እመት አለሚቱ። «በይ፣ ፊቷ ድገሚው። ማነሽ?»

ይመናሹ ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች። ድምፁ የእሷ አይደለም፤ ጎርነን ያለ ነው።

«ጠጄ ነኝ። የቀጥቃጩ ሚስት።»

«የት አገኘሻት?»

«ጭቃው አጠገብ። ስትስቅ አየኋት።»

«ለምን ያዝሻት?»

«ቤቷን ጠላሁት።»

«ሌላስ?»

«ባሏን ጠላሁት። ሲያንኮራፋ እሰማዋለሁ። አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል ተቀምጬ አየዋለሁ። ሁለት እጄን እዚያ ላይ ባኖር፣ ብጫን፣ ብጫን፣ ማን ያውቅብኛል እላለሁ። ሁልጊዜ እላለሁ።»

ቤቱ ውስጥ እህህ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰዎቹ ያማትባሉ። የባላምባራስ እጅ ጠመንጃው ላይ ጠበቀ።

«አሮጊቷንም እጠላታለሁ» ቀጠለች ይመናሹ። «ጥርስ የላትም፣ ግን ትነክሳለች።»

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ሲል አፉን ያዘ። እመት አለሚቱ ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። «ይቺ ርጉም! ደግሞ እኔን!» አሉ።

አንባቢዎቼ፣ እስቲ እናንተው ፍረዱ። የዚያን ሰው ማንኮራፋት እኔ የት እሰማዋለሁ? አፉን ከፍቶ ይተኛ፣ ዘግቶ ይተኛ፣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ያን ሁሉ ሌሊት አጠገቡ ተቀምጦ ጉሮሮውን ሲያይ የሚያድር ሰው ማን ነው? በዚያ ቤት የቆመው ሁሉ የመሬት ወሰን ሲከራከር ውሎ የሚያድር፣ ነገር አዋቂ ነው። አንዱ እንኳን ይህን አላሰበም። ሁሉም ያየው እኔን ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ገባኝ። ያ የጭቃው ቡጢ ነበር። አፍ አውጥቶ ነው የመጣው። በራሷ ስም ልትለው የማትችለውን በእኔ ስም አለችው።

«ምን ትያለሽ?» አለኝ ባላምባራስ።

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ጌታዬ፣ እኔ የእርስዎን መኝታ የት አውቄው!» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ይህን ብል ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ መደቡ ያዞራል። ስሜ ነጻ ይወጣል። ቤቴ ይተርፋል፣ ምድጃዬ ይተርፋል፣ የባሌ ወናፍ ይተርፋል። አፌን ከፈትኩ።

ያን ጊዜ ይመናሹ ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። ታውቀኝ አታውቀኝ፣ የተናገረችውን ትስማው አትስማው፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ዓይኗ ግን ፈርቶ ነበር። ክንዷ የተሰበረባት የመጀመሪያ ሚስቱ ትዝ አለችኝ። ያቺኛዋ ምን አድርጋ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወጡ ጨው በዝቶበት ነው። ይቺ «አንቄ ልግደለው» ብላ በሰው ሁሉ ፊት ተናግራ፣ ቃሉ የእሷ መሆኑ ቢታወቅ፣ ከዚያ መደብ በእግሯ አትነሣም። ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እለቃታለሁ።»

ከደጅ አዳነ «ጠጄ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁት።

«ተፊባት!» አሉ እመት አለሚቱ። ደንቡ ነው፤ የበላ ቡዳ ካልተፋበት በሽተኛው አይድንም ይባላል። ወደ መደቡ ቀርቤ ጎንበስ አልኩና እንትፍ አልኩ። ይህ የመጀመሪያው ለእነሱ ነበር፤ ለወጉ።

«ድገሚ!»

ደገምኩ። በዚህኛው የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንገት ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ስትስብ፣ ዞር ብላ ስታየኝ፣ መሬቱ ላይ ስትተፋ። ሦስተኛውን ማንም አላዘዘኝም። አራተኛውንም። ፊቷ ላይ፣ ዓይኗ ላይ። ውይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር! ሰውነቴ እስኪግል ድረስ ደስ አለኝ። «በቃ! በቃ!» ብለው ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ ጎተቱኝ፤ ገና እየተፋሁ ነው።

ይመናሹ ተነፈሰችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ በራሷ ድምፅ «ውሃ» አለች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሰዉ «ተመስገን! ለቀቀቻት!» ይላል። እውነትም ዳነች። በሆዷ የነበረውን ተፍታው፣ በሌላ ሰው ስም ተጽፎላት፣ ለምን አትድንም!

ባላምባራስ ተነሣ። ይገድለኛል ብዬ ነበር። ግን የሚስቱ መዳን ለዘብ አደረገው መሰለኝ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመሬቴ ውጡ» አለ።

የወጣነው በለበስነው ልብስ ነው። ሰዎቹ ከእኛ ቀድመው ቤታችን ደርሰዋል። ወናፉን በቢላ ተርትረውታል፤ ድስቶቼን አንድ በአንድ እያነሡ ድንጋይ ላይ ይሰብራሉ። አንዷ ሴት ድስቱን ከመስበሯ በፊት ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ያማረ ስለነበር ነው መሰለኝ። ከዚያ ሰበረችው። አዳነ መዶሻውንና ጉጠቱን ብቻ አተረፈ። ዳገቱን ወጥተን ዞር ስንል የቤታችን ጭስ ይታያል።

መንገዱን ወደ እስቴ አደረግነው። አዳነ ከፊት እኔ ከኋላ። ብዙ ከሄድን በኋላ ሳይዞር ተናገረ።

«በላሻት?»

መጀመሪያ የሰማሁ አልመሰለኝም። እሱ ነው እኮ! ዕድሜውን ሙሉ ቡዳ ሲባል የኖረ፣ ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው!

«አልበላኋትም» አልኩት።

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

የነጠላዬን ጫፍ አጥብቄ አሰርኩ።

«ለምን ተፋሽባት? ያልበላ ሰው ይተፋል?»

ልንገረው አሰብኩ። ግን አዳነን አውቀዋለሁ፤ ቁጡ ነው፣ ቤቱም ተቃጥሎበታል። ብነግረው ከቆመበት ተመልሶ፣ ባላምባራስ ደጅ ቆሞ «ቃሉ የሚስትህ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ያኔ የዋልኩበት ሁሉ ከንቱ ነው። ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ የአተፋፌን ነገር ምን ብዬ አስረዳዋለሁ? እሱ ውሸት አልነበረም።

«እንዲሁ ነው» አልኩት።

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ነው የምትማረው። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስነግራት እስክሪብቶዋን ጣለችው። «እምዬ! ይሄማ ጥላ ይባላል!» አለችኝ። ሰው ስለ ራሱ ሊያየው የማይፈልገውን፣ ቁጣውን፣ ቅናቱን፣ ምኞቱን፣ ወደ ጀርባው ይጥለዋል አለች። ከጀርባ ያለ ነገር አይታይምና የለኝም ብሎ ይኖራል። ግን አይጠፋም፤ በሌላ ሰው ፊት ላይ ያገኘዋል፣ እዚያ ላይ ይጠላዋል። የሕዝብን ባህልና ልማድ የሚያጠኑትም ይህን ነገር አይተውታል አለችኝ፤ አንድ መንደር እንዳለ ጥላውን አንድ ቤት ላይ የሚጥልበት ጊዜ አለ። እኛም «ጥላ ወጋው» እንል ነበር፣ ግን ስለ ጋኔን ነበር የምናወራው።

«ጥሩ ስም አውጥታችሁለታል» አልኳት። «የይመናሹ ጥላ፣ የመንደሩ ጥላ። ልክ ነው።»

«የአንቺስ?» አለችኝ።

ተቆጣሁ። ቤቴ የተቃጠለብኝ እኔ፣ የተሰደድኩት እኔ! «ውጪልኝ ከዚህ!» አልኳት። ልጅቱ ግን ልክ ነበረች። እነሱ ክፉ ናት ሲሉኝ እኔ ደግሞ ደግ ነኝ፣ ንጹሕ ነኝ፣ ማንንም አልጠላም እያልኩ ኖሬአለሁ። ያን ቀን መደቡ ላይ ጎንበስ ስል የወጣው ግን የማንም አልነበረም፤ የራሴ ነው። ያቺን ሴት ያዳንኳትም የጠላኋትም እኔው ነኝ፣ በአንድ አፍ። ያን ካወቅሁ ወዲህ እገሌ ክፉ ነው ብሎ አረፋ የሚደፍቅ ሰው ሳይ አላምነውም። ስለ እገሌ የሚለውን ትቼ፣ ይህን ነገር ከየት አወቀው ብዬ ነው የምጠይቀው። ራሴንም እንዲሁ እጠይቃለሁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ አያስደስትም። እናንተም ጠይቁ፤ ማንም ባይሰማችሁም ጠይቁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጻፊ፣ አትተኚ።

እስቴ ከተማ ገብተን፣ የሚያውቀን ሳይኖር፣ ሸክላዬን እንደገና ጀመርኩ። ልጅም ወለድኩ። አዳነ ያን ጥያቄ አልደገመውም፣ ከአንድ መሶብ እንበላለን፣ ተረስቷል አልኩ። አንድ የገበያ ቀን እሱ ዕቃ እያወረደልኝ ሳለ አንድ ሰው ድስት ሊገዛ ቆመ። አነጋገሩ የስማዳ ነው። ነጠላዬን ሳብ አደረግሁ።

«አገሩ ደህና ነው ወንድሜ?» አልኩት።

«ምን ደህና አለ፣ ባላምባራስ ተሰማ ሞቱ እኮ።»

«ውይ! ምን ሆነው?»

«ምንም ሳይሆኑ! ደህና ራት በልተው ተኙ፣ ጠዋት ደርቀው ተገኙ። ያቺ ቡዳ ናት። ካለችበት ሆና በላቻቸው። ጉሮሮውን ልጫን እላለሁ ብላ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግራ አልነበር!»

«ሚስታቸውስ?»

«እሷማ ምስኪን! አብራቸው ተኝታ ምንም አልሰማችም። ፊቷን ነጭታ ነጭታ ሰው ነው ያስጣላት።»

«እግዜር ያጽናት» አልኩት። ድስቱን ተቀብሎ ሄደ።

ይመናሹ አደረገችው ወይስ ሰውየው በቀኑ ሞተ፣ እኔ አላውቅም። ማንም አያውቅም፣ ማንም አልጠየቀም። የሚጠረጠር ሰው አስቀድሞ ተገኝቷል።

አዳነ ሁሉንም ሰምቷል። ዕቃውን አውርዶ ጨረሰ። ማታ ራት አቀረብኩ። ድርሻውን ከመሶቡ በእጁ አነሣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በላ፤ ዓይኔ እንዳያየው። በማግስቱም እንዲያው፣ ከዚያም ወዲያ። ጥሩ ባል ነበር፣ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ እስኪሞት ድረስ ግን ሲበላ ያየሁት ጀርባውን ነው። እውነቱን ብነግረው ይዞር ነበር። ይመናሹ ግን በሕይወት ነበረች፤ ቃሉ የእሷ መሆኑን ቢሰሙ የማይምሯት የባላምባራስ ወንድሞችም በሕይወት ነበሩ።